አርጅቶ የተወለደ ሰዓት

የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ከውጭ መጥቶ ነበር። የሰዓቱ ማሰሪያ ሰፍቶት ክንዱ ላይ እየዞረ ስላስቸገረው፣ ሁለት ፍሬ እናስወጣለት ብለን ደሴ ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ጎራ አልን። ሰውዬው ዕድሜ የጠገቡ ሀጂ ናቸው። ጠረጴዛቸው ከተማሪ ዴስክ አይበልጥም። ወረንጦ፣ የጥፍር ያህል ካቻቢቴዎች፣ ቤንዚን ያለበት ብልቃጥ፣ ከጎኑ የቀዘቀዘ ሻይ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሰዓቱን ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት፣ ወደ ብርሃን አስጠጉት።

«ፎስፈሩኮ ቢጫ ሆኗል ልጄ። እግረ መንገዴን ልቀይርልህ?»

«ኧረ ሀጂ፣ አዲስ ነው! ገና አራት ወሩ።»

«አዲስ?» እንደገና አዩት። «እንግዲያው ሰልባጅ ሸጠውልሃል። አብሽር፣ እናስተካክለዋለን።»

የአክስቴ ልጅ ፊቱ ተቀያየረ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰዓቱ አዲስ ነው። ሀጂ ፎስፈር ያሉት፣ በጨለማ የሚያበራው ቅብም ቢጫ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው ቢጫ ያደረገው፤ ልጁም ከ3,500 ዶላር በላይ የከፈለው ለዚያ ቢጫ ጭምር ነው። በዛሬው የባንክ ምንዛሪ ከግማሽ ሚሊዮን ብር ያልፋል። ይህንን ለሀጂ አልነገርኳቸውም። ሻያቸውን ይደፉታል ብዬ ፈራሁ።

ወሬው ሰፈር ከደረሰ ወዲህ ግን ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው ነገሩ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም የሰዓት ነገር ስለማይሆንልኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መጀመሪያ የሚምታቱትን እንለያቸው። ፌክ ማለት የሌላውን ስም ለጥፎ የሚሸጥ ነው፤ ገበያ ውስጥ «ፈርስት ኮፒ» ብለው ቢያቆላምጡትም ያው ፌክ ነው። አሮጌ ሰዓት ማለት የዛሬ ስልሳ ዓመት ተሠርቶ የስልሳ ዓመት አቧራና ላብ የጠጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰዓት ግን ከሁለቱም አይደለም። አንድ ፋብሪካ የራሱን የድሮ ሥራ ከመዝገብ ያወጣል፣ መልኩን ቀራርቦ ይሠራል፣ ሆዱ ውስጥ ግን የዛሬ ማሽን ይከታል። እንደ ሀበሻ ቀሚስ አስቡት፦ ጥለቱ የአያት፣ ስፌቱ የዘንድሮ። (አራተኛ ዓይነትም አለ፤ የሌላውን መልክ ገልብጦ የራሱን ስም የሚጽፍ። ሕጋዊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሰብሳቢዎች ፊታቸውን ያዞሩበታል። እለፉት።)

የልጁ ሰዓት ቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት ይባላል። ቱዶርን የሮሌክስ ታናሽ ወንድም በሉት። ሮሌክስን የመሠረተው ሃንስ ዊልስዶርፍ በ1926 ነው የቱዶርን ስም ያስመዘገበው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የሮሌክስን ጥንካሬ ይዞ ኪስ የማይጎዳ ሰዓት። የውጭ አካሉን ከሮሌክስ ወሰዱ፣ ማሽኑን ከሌሎች ፋብሪካዎች ገዙ። በ1954 ለጠላቂዎች የሚሆን የመጀመሪያውን ሰዓት አወጡ፤ 100 ሜትር ድረስ ውሃ አያስገባም። በ1958 ደግሞ መሙያው ተለቅ ያለ፣ 200 ሜትር የሚችል መጣ። «ፊፍቲ ኤይት» የሚለው ስም ከዚያ ዓመት ነው የተወሰደው።

የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ለዓመታት ቱዶር አስረዋል። የጀርባው ክዳን ላይ «ኤም ኤን» የሚሉ ሁለት ፊደላት (የባሕር ኃይሉ ስም ምህጻር) እና ዓመተ ምሕረት የተቀረጸባቸው ነበሩ። ለእነሱ ሰዓቱ ጌጥ አልነበረም። እንደ ፒንሳና እንደ መፍቻ የሥራ ዕቃ ነበር፤ ተፋጭቷል፣ ተላልጧል፣ ጨው ጠጥቷል። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ብላክ ቤይ የሚባለው ዘር በ2012 ወጣ፣ የልጁ ዓይነት በ2018። ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለእኛ ምንም አይመስልም፤ ለሰዓት ወዳዶች ግን ዜና ነበር፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሰዓት እያበጠ እያበጠ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሊያክል ነበር። እንደ አባቶቻችን ሰዓት እጅጌ ሥር የሚገባ ነገር ሲመለስ ሰው ተንጋጋ።

አሁን ጠጋ ብለን እንየው፤ እኔ ሀጂ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እንዳየሁት።

ፊቱ ጥቁር ነው፣ ጽሑፉ ወርቅማ። መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው። ድሮ የሚጎብጠው ፕላስቲክ ስለነበረ ነው፤ ፕላስቲኩ ለዚያ ጥልቀት ግፊት የሚጠነክረው ወፈርና ጎበጥ ሲል ነበር። የዛሬው ሳፋየር ነው፣ ቁልፍ እንኳ አይጭረውም፣ ጠፍጣፋ ቢሆን ማንም አይከለክለውም። የጎበጠው እንዲመስል ብቻ ነው።

ሰዓት ቆጣሪው ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን አለው፤ ፈረንጆቹ የበረዶ ቅንጣት ይሉታል። ግን ይህ ቅርጽ በ1958 አልነበረም፣ ቱዶር ላይ የመጣው በ1969 ነው። ስለዚህ «የ1958 ሰዓት» የተባለው የ1969 እጅ አለው ማለት ነው። ሙሉ ግልባጭ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ከየዘመኑ ጣፋጭ ጣፋጩ የተለቀመበት በያይነቱ ነው።

ማሰሪያውን ደግሞ ተመልከቱ። በየፍሬው ጎን ክብ ክብ የሪቬት ራስ አለ። በ1950ዎቹ ማሰሪያ ከታጠፈ ስስ ብረት ነበር የሚሠራው፣ ውስጡ ባዶ፣ ሪቬቱም የምር አጣብቆ የሚይዝ። የዛሬው ፍሬ ድፍን ብረት ነው፤ ሪቬቱ ምንም አይዝም፣ ለመልክ የተቀመጠ ነው። ሀጂ መጀመሪያ እሱን በመርፌ ሊገፉት ሞክረው እምቢ ሲላቸው ግራ ገባቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» «ጌጥ ነው ሀጂ።» «ሪቬት ጌጥ?» አሉና ወደ ትክክለኛው ብሎን ሄዱ። ሰዓት ወዳዶቹም ራሳቸው በዚህች ሪቬት ነገር እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። እኔ የምስማማው ከሀጂ ጋር ነው።

ዙሪያው ላይ የሚዞር ቀለበት አለ፣ ስድሳ ደቂቃ ተከፋፍሎበት፣ አናቱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል፤ ይሄኛው ግን ይሠራል። ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ መኪናው ሲነሳ ቀይዋን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ ጋር አጋጥሙና ተዉት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ ደቂቃ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ የሚያሳየው ቁጥር የፈጀባችሁ ደቂቃ ነው። ጠላቂው የሚቆጥረው የቀረውን አየር ነው። የዛሬው ቀለበት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞረውም ለዚህ ነው፦ ድንጋይ ቢመታውና ቢንሸራተት ጊዜው ያለቀ ያስመስላል እንጂ የተረፈ አያስመስልም። ሰውየው ቀድሞ ይወጣል፣ ይድናል። የድሮው ወደ ሁለቱም ወገን ይዞር ነበር። እዚህ ላይ ናፍቆቱን ትተው ነፍስ አስቀድመዋል፣ ጥሩ አድርገዋል።

ለነገሩ 200 ሜትር ለኛ ምን ይሠራል? የሐይቅ ሐይቃችን እንኳ ጥልቅ ቦታው 88 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ላይ አስቀምጣችሁት ብትረሱት ሰዓቱ ግድም አይሰጠው።

(ሌላ የሳቅንበት ነገር፦ ልጁ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት ሀጂ «ሦስት ሰዓት ነው እንዴ? የአስር ሶላት አዛን ገና አሁን ሰማሁ» ብለው ሊያስተካክሉት ሲሉ ደረስኩባቸው። እኛ ዘጠኝ የምንለው እሱ ጋ ሦስት ነው። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው በኩል ያለውን ቁጥር ማንበብ ስለለመደ ልብ አይለውም።)

ወደ ቢጫው እንምጣ፣ ዋናው ጉድ እሱ ነው።

ድሮ ሰዓት በጨለማ እንዲታይ ቁጥሮቹ ላይ የሚቀቡት ሬዲየም ነበር። ሬዲየም ጨረር ያወጣል፣ ጨረሩ አብሮት የተቀላቀለውን ዱቄት ያበራዋል፣ ሰዓቱ ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ያድራል። አሜሪካ ውስጥ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ይህንን የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። መስመሩ ቀጭን እንዲሆን ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ነበር የሚሠሩት። አለቆቻቸው ምንም አይላችሁም ብለዋቸዋል። መንጋጋቸው ረገፈ፣ አጥንታቸው ተሰበረ፣ ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ። አምስቱ ፋብሪካውን ከሰሱ፣ ጉዳዩ በ1928 በካሳ ስምምነት አለቀ።

በ1960ዎቹ ሬዲየምን ትሪቲየም ተካው። እሱም ጨረራማ ነው፣ ግን በጣም ደካማ። አንድ ጠባዩ ደግሞ ቶሎ መድከሙ ነው፣ በየ12 ዓመቱ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ሩቡ ይቀራል። ዱቄቱም አብሮ እያረጀ ከነጭ ወደ ክሬም፣ ከክሬም ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለው ሱፐር ሉሚኖቫ የሚባል ጨረር የሌለው ነገር ነው፤ ቀን ብርሃን ጠጥቶ ማታ ይተፋዋል። እሱ አያረጅም ማለት ይቻላል። ነጭ ሆኖ መቆየት ይችላል።

እና ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? የማያረጀው ላይ የእርጅናን ቀለም ጨመሩበት። ሀጂ «ቢጫ ሆኗል» ያሉት ይህንን ነው። ስድሳ ዓመት ቢቆይ የሚመጣ መልክ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ተቀብቶ። ወጣት ሽበት ተቀብቶ ሽማግሌ ተራ እንደመቀመጥ ያለ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አልጠላውም፤ ከጥቁሩ ፊት ጋር ሲታይ ያምራል። ግን ስሙን መጥራት ጥሩ ነው።

እግረ መንገዴን የማስጠነቅቀው፦ ቤታችሁ የአያት ሰዓት ካለ፣ በጣም አሮጌና ቁጥሮቹ ላይ ወፍራም ቡናማ ቅብ ካለው፣ በጨለማ ስለማይበራ ሞቷል አትበሉ። የሚያበራው ዱቄት ነው የተቃጠለው። ሬዲየሙ ጉልበቱ በግማሽ ለመውረድ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ክዳኑ እንደተዘጋ ብዙ አያሰጋም። አትክፈቱት፣ አትፋቁት፣ ብናኙን አትተንፍሱት። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ስትወስዱትም ንገሩት።

አሁን «ለመሆኑ ሰዓቱ ከሌላው በምን ይበልጣል?» ለሚል መልስ። ሰዓት በመንገር? አይበልጥም።

የባትሪውን ሰዓት እኛ «ባለ ድንጋይ» እንላለን። ድንጋይ የምንለው ባትሪውን ነው፣ የሚገርመው ግን እውነተኛ ድንጋይም ውስጡ አለ። ኳርትዝ። ኤሌክትሪክ ሲነካው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ሰርኪዩት ይህንን ቁጥር አስራ አምስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ስታካፍለው ልክ አንድ ይቀራል፣ ሰከንድ ቆጣሪው ጠቅ ይላል። በወር ቢበዛ አስራ አምስት ሰከንድ ቢዛባ ነው። የልጁ ሰዓት በሞላ ነው የሚሠራው። ክንድ ሲወዛወዝ ውስጥ ያለ ግማሽ ክብ ብረት ይዞርና ሞላውን ይጠመጥማል፣ ሞላው ሲፈታ ጥርሶቹን ይገፋል፣ መጨረሻ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትል ቀጭን መንኮራኩር ጉልበቱን እየቆነጠረች ትለቃለች። በሰከንድ ስምንት ምት። ሰከንድ ቆጣሪው የሚንሳፈፍ የሚመስለው ለዚህ ነው። አውልቀው ቢያስቀምጡት 70 ሰዓት ያህል ይሄዳል። የስዊዘርላንድ የምርመራ ተቋም ፈትኖ የሚያሳልፈው በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ያልዘገየ ወይም ከ6 ሰከንድ በላይ ያልቀደመ ማሽን ነው። በወር አስሉት። ሦስት ደቂቃ ሊቀድም ይችላል፣ ያም ሆኖ የምስክር ወረቀት አለው። መንገድ ላይ የሚሸጠው ባለ ድንጋይ ያስንቀዋል።

ይህ ነገር ስዊሶቹን ሊገድላቸው ነበር። ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ በታኅሣሥ 25፣ 1969 ሲያወጣ ዋጋው 450,000 የን ነበር፣ የትንሽ መኪና ዋጋ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ኳርትዝ ርካሽ ሆነ። በ1970 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሰዓት ሥራ ላይ ወደ 90,000 ሰው ነበር፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ብዙም የማይበልጥ ቀረ። የተረፉት የተረፉት አንድ ነገር ስለገባቸው ነው፦ በትክክለኛነት አናሸንፍም፣ ስለዚህ ሌላ ነገር እንሽጥ። ቡናን በማሽን ማፍላት ይፈጥናል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የሚጣደው ጀበና ነው። እነሱም ጀበናውን መሸጥ ጀመሩ። ጀበና ደግሞ ሲያረጅ ነው የሚወደደው፣ እናም የራሳቸውን መዝገብ መበርበር ያዙ።

የሚገርመኝ ግን የሚወደደው ምን እንደሆነ ነው። ሀጂ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ፣ የደበዘዘ ፊት መቀየር፣ የተቧጨረ ብረት መወልወል፣ የዛገ ቆጣሪ አውጥቶ አዲስ መግጠም፣ ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ሁሉም ዋጋ ማርከሻ ነው። ያልተነካው ይወደዳል። ፀሐይ ያገረጣው ጥቁር ፊት ወደ ቡናማ ሲሄድ «ትሮፒካል» ይሉታል፣ ዋጋው ይጨምራል። ፊቱ እንዲያ የሆነው ቀለሙ ጥሩ ስላልነበረ እኮ ነው! እንከኑ ነው ማዕረጉ የሆነው። የፈረንሳይ ጠላቂዎቹ ሰዓትም ዛሬ የሚፈለገው በዚያ ሁሉ ፍጭትና ልጣጭ ነው።

ፖል ኒውማን የሚባለው አሜሪካዊ ተዋናይ ያስረው የነበረው ሮሌክስ ዴይቶና ጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያ ዓይነት ፊት በጊዜው ገዢ አጥቶ ሱቅ ውስጥ የሚከርም ነበር። ከጀርባው ሚስቱ «በጥንቃቄ ንዳ» የሚል አስቀርጻለታለች። እኛም አገር የሚነካ አለ፦ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት፣ ቀንና ወሩን ራሱ የሚያስተካክል፣ በ2015 ጄኔቫ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ሳቢያ ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ግን ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አውጥቶ ተሸጠ። የዘመን መቁጠሪያው የፈረንጅ ነው እንግዲህ፣ ጳጉሜን አያውቃትም።

እርጅና ይህን ያህል ካወጣ ደግሞ አርጅቷል ብሎ የሚያጭበረብር አይጠፋም። በኅዳር 2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ ፊቱ ቡናማ የሆነ፣ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው የኦሜጋ የራሱ ሙዚየም ነበር። በ2023 ኩባንያው ራሱ ወጥቶ ሰዓቱ ከተለያየ ሰዓት ክፍል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ እንደሆነ፣ የቀድሞ ሠራተኞቹም እንዳሉበት ተናገረ። የሠራው ፋብሪካ ራሱ ካልለየው እኔና እናንተ ከየት እንለያለን? የአክስቴ ልጅን የሚከላከልለት ነጥብ ይሄ ነው። «የድሮ መልክ ፈለግኩ፣ መሸወድ አልፈለግኩም፣ ዋስትና አለኝ፣ ዝናብ ቢመታኝ አልደነግጥም» ይላል። ልክ ነው። የእውነተኛውን አሮጌ ሰዓት ውሃ አጠገብ የሚያደርስ ጤነኛ ሰው የለም።

«ታዲያ ገንዘብ ያዋጣል ወይ?» ይህን የሚጠይቁኝ መሬትና መኪና ላይ ያሉት ናቸው። አጭሩ መልስ፦ ለመነገድ ብላችሁ አትግዙ። እንደገና የተሠራው ሁሉ ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ በቁጥር ይወጣል፤ ኦሜጋ በ2017 የ1957 ሦስት ሰዓቶቹን ሲደግም ከእያንዳንዱ 3,557 ብቻ አወጣ፣ ሴይኮም በዚያው ዓመት የ1965 የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓቱን 2,000 ብቻ። የልጁ ግን ቁጥር የለውም፣ እስከተፈለገ ድረስ ይመረታል። በኮሮና ጊዜ የቅንጦት ሰዓት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ በ2022 መጀመሪያ ላይ ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያ ወረደ፤ ጫፉ ላይ የገዙ እስካሁን ያዝናሉ። ለመሸጥ ከታሰበ ደግሞ ካርቶኑ፣ የዋስትና ካርዱ፣ ደረሰኙ፣ የወጡት ሁለት ፍሬዎች ሳይቀሩ ይፈለጋሉ። ልጁ ፍሬዎቹን በፌስታል ቋጥሮ ኪሱ ሲከት ሀጂ «ብረቱን ምን ሊያደርገው ነው?» በሚል ዓይን አዩኝ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄ ከዋጋው በላይ ያሳስበኛል። የሰዓቱ ልብ ላይ ያለችው የፀጉር ያህል ሞላ የተሠራችው ከሲሊከን ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ማግኔት አይዛትም። ኮምቦልቻ ብረት የሚበይድ ጓደኛ አለኝ፣ የእሱ የድሮ አውቶማቲክ በቀን ደቂቃዎች እየቀደመ ያስቸግረው ነበር፤ ብረት የሆነችው ሞላ ማግኔት ስትሆን ክሮቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ታጥራለች፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ማግኔቱን የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ላይ ሰከንዶች ቢያቆዩት ይድናል። ሲሊከን ይህ ችግር የለባትም። ግን የብረቷ ሞላ ስትጣመም ሀጂ በወረንጦ ያቃኗታል፣ ሲሊከን አትቃናም፣ ትሰበራለች። መለወጫው ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም አይገኝም። ድሮን መስሎ የመጣው ሰዓት ድሮን የሚያውቀው ሰው የማይጠግነው ሆኗል። እናም ከዘመድ እንዲህ ያለ ሰዓት የተበረከተላችሁ ካላችሁ፣ ማሰሪያ ይጠር፣ ጀርባው ግን በዋዛ አይከፈት።

ሀጂ ፍሬውን አውጥተው ሲጨርሱ እኔም የመጣሁበትን አወጣሁ። የአባቴ ሴይኮ ፋይቭ ነው፣ ከጂዳ ያመጣው። መሙያው አራት ቁጥር ጋ ነው፣ ዕለቱ በመስኮቱ በዓረብኛ ይወጣል፣ ፊቱ ከዳር ከዳር ቡናማ ሆኗል። ሀጂ ገና ሲያዩት አወቁት።

«ይሄን አዲስ ፊት እገጥምለታለሁ። መስታወቱንም እቀይረዋለሁ። ሙሽራ ነው የሚሆነው።»

«አይ ሀጂ፣ ፊቱን ይተዉት። ማሽኑን ብቻ ይጠቡልኝ።»

«መስታወቱስ?»

«እሱንም ይተዉት።»

ማጉያውን ከዓይናቸው ነቅለው ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «እናንተ ልጆች ምን ነክቷችኋል?» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጡ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቀው ጋዜጣ ላይ ገለበጡት። የደበዘዘ ፊት፣ የዛገ ቆጣሪ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ለአርባ ዓመት ከሰው ሰዓት እያወጡ ያጠራቀሙት።

«ታዲያ ይሄንንስ የሚገዛ አለ?»

የአክስቴ ልጅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ማጉያውንም ለመናቸው።